ስምንት ሞላ፣ ስምንት አሞሌ

መጋቢት 5፣ ማክሰኞ፣ ከምሳ በፊት

ሦስተኛው ሞላ ተገኘ። ዘይት ነክሬ ጨርቅ ላይ አስተኛሁት፣ እንደ አራስ ልጅ። እጄ ጥቁር ስለሆነ የገለጥኩህ በክርኔ ነው፤ ደብተሬ፣ ቅር አይበልህ። ኮምቦልቻ ውስጥ ባንድ እጁ ሞተር የሚፈታ፣ ባንድ እጁ ብዕር የሚጨብጥ ከኔ ከይመር ሌላ የለም። አለሁ የሚል ካለ ይምጣ፣ በሁለቱም ይግጠመኝ።

ፊደል ከቆጠርኩ ገና ሁለት ወር ተኩል ነው። ስለዚህ አሳጥራለሁ። ባለ ጋራዡን ጣሊያን ሁላችንም ፓድሮኔ እንለዋለን፤ ካሁን ጀምሮ «ፓ.» ነው። የማታውን ትምህርት የሚያስተምሩኝ መሪጌታ «መ/ጌታ» ናቸው። የእህቴ የዘይነባ ባል፣ የጋራዡ ሾፌር አያ እንድሪስ ግን ሙሉ ስሙ ይጻፍለት። ያን ቁመት ማን ያሳጥረዋል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ፓ. ከደሴው ባለ ጋራዥ ጋር ተወራርዷል። የኛ ትንሿ ካምዮን ከኮምቦልቻ ተነሥታ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥታ፣ ደሴ ቀድማ ትገባለች ብሎ። ለዚህ ሲል ካገሩ አዲስ ዘንግ አስመጣ፤ «አልቤሮ» ይለዋል። ዘንጉ ላይ እንደ በሬ ሻኛ ጉብ ጉብ ያለ አለ። ጉብታው ሲዞር የአየሩን በር፣ ቫልቮላውን፣ ገፍቶ ይከፍታል፣ ሞተሩ አየር ይስባል። መልሶ የሚዘጋው ሞላው ነው። የአዲሱ ዘንግ ጉብታ ካሮጌው በጥፍር ያህል ይበልጣል። ቫልቮላው አብዝቶ ይከፈታል፤ ሞተሩ ደረቱን ነፍቶ ይተነፍሳል።

አሮጌው ሞላ ግን ለአዲሱ ዘንግ አይሆንም። ቀለበቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ጉብታው ጫፍ ሳይደርስ ቀለበት በቀለበት ላይ ተደፍኖ ይደርቃል። ደግሞም ልፍስፍስ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ቫልቮላውን ባፍታ አይመልሰውም። ያልተመለሰውን ቫልቮላ ከታች የሚመጣው ፒስቶን ይመታዋል። ፓ. ይህን ሲነግረኝ በጡጫው መዳፉን ጧ አደረገው።

ሣጥን ሙሉ ሞላ ሰጠኝ፣ ከየመኪናው የተለቃቀመ። አንዱን አሥመራ በመለኪያ መኪና አስለክቶ ቀይ ቀለም ቀብቶታል። ይህን የመሰሉ ሰባት ፈልግ አለኝ። ስምንት ቫልቮላ፣ ስምንት ሞላ፣ ሁሉም እኩል የሚገፋ። አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ደገመልኝ። ሥራ በጀመርክ ቁጥር ቀዩን መልሰህ ለካ፤ መለኪያህ ልክ መሆኑን የሚነግርህ እሱ ነው። ይህን ብሎ ለጭነት ጉዳይ ደሴ ወጣ።

መለኪያ የለንም። ይመር ግን አለ። የሳንቃ አንድ ጫፍ ግድግዳው ላይ በማጠፊያ አሰርኩ፣ ከሥሩ ሞላ አቆምኩ፣ በሌላው ጫፍ አሞሌ ጨው ደረደርኩ። የአያ እንድሪስ አባት ከአፋር ቆላ ጨው ጫኝ ነበሩ፤ ቤቱ ዛሬም የአሞሌ እስር አይጠፋም። ቀዩ ሞላ በስምንት አሞሌ ተጭኖ የቆመበትን ልክ ግድግዳው ላይ ጫርኩ። በቃ! በስምንት አሞሌ ጭረቱ ላይ የሚቆም ሁሉ የቀዩ ወንድም ነው። ከጭረቱ በላይ የቀረ ደንዳና፣ አልፎ የወረደ ልፍስፍስ። ቀለበቶቹ እንዳይደፈኑ ደግሞ ሞላውን ጉብታው እስከሚያደርሰው ድረስ አጥብቄ በመካከል ወረቀት አሾልካለሁ። ወረቀቱ ካለፈ ደኅና።

እስካሁን ሦስት። ከቀዩ ጋር አራት። የሣጥኑን ግማሽ ጣልኩ። አሥመራ ያሉት ባለመለኪያዎች ቢያዩኝ ሱቃቸውን ይዘጋሉ።

መጋቢት 6፣ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

ዛሬ ያልሳቀ የለም። ጠዋት ስገባ የፓ. በቅሎ ገመዷን በጥሳ ሳንቃዬ ሥር ቆማለች። አሞሌዎቹን ስትልስ ነው ያደረችው። ስምንቱም ጥጋጥጋቸው ሟሙቶ እንደ ሳሙና ለስልሷል። ከንፈሯ ነጭ። የኮምቦልቻ ባለመለኪያ እንግዲህ ሁለት ሆንን አልኳት፣ ይመርና በቅሎ።

አያ እንድሪስ ጎማ ሊነፋ መጥቶ አየ። አንዱን አሞሌ አንሥቶ በመዳፉ መዘነው፤ የጨው ጫኝ ልጅ አይደል። የተላሰ አሞሌ ነጋዴ አይቀበለውም አለኝ። ከቤት ሌላ እስር ላምጣልህ? አቦ፣ ሞላ ነጋዴ አይደለም አልኩት። ስምንት ስምንት ነው። በቅሎ ቁጥር አትልስም! እስኪያነባ ሳቀ። ሞት ራሱ ሊወስድህ ቢመጣ በወሬ ትመልሰዋለህ አለኝ። ጎማውን ነፍቶ ሄደ።

ቀዩን መልሼ አልለካሁትም። ትናንት ለክቼዋለሁ። ብረት ባንድ ሌሊት አያረጅም።

ዛሬ ሥራው እንዴት ቀለለ! ትናንት ቀኑን ሙሉ ሦስት፤ ዛሬ እስከ ምሳ አራት። ትናንት ደንዳና ብዬ ከጣልኳቸው ሌላ የቀሩት ሁሉ ልክ ልክ እየሆኑ መጡልኝ። እጄ ተፍታታ። ስምንቱ ሞሉ።

ማታ መ/ጌታ ዘንድ ነበርኩ፣ ከቆዳ መጋዘኑ ጀርባ። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ከስተዋል፤ ዘይነባ የላከችላቸውን ቆሎ የጾሙ መፍቻ ሰዓት እስኪደርስ ኪሳቸው አስቀመጡት። ከሰሌዳዬ ራስ ላይ አንድ መስመር ይጽፉልኛል፤ እኔ ከሥሩ ደጋግሜ እገለብጣለሁ። ዛሬ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። የመጀመሪያው መስመር ቀጥ ያለ ነው፣ ታች ስደርስ ቁልቁል ሄዶ ከሰሌዳው ሊወድቅ ደርሷል። የራስህን እያየህ ነው የምትገለብጠው አሉኝ፤ ከላይ የኔ አለልህ፣ በየመስመሩ ወደሱ ተመለስ። የኔታ፣ ቁልቁለት ለካምዮንም ይቀላል አልኳቸው። «አንተ ፎካሪ!» በጭራቸው መቱኝ። ግን ሳቁ። እሳቸውን በጾም ማሳቅ ሞተር ከመፍታት ይከብዳል።

መጋቢት 8፣ ዓርብ

ከጁምዓ ሰላት መልስ ሞተሩ ተነሣ። ወላሂ፣ ድምፁ! ድሮ እንደ አሮጊት ወፍጮ ነበር፣ አሁን የጎረምሳ ፉከራ። አያ እንድሪስ ጆሮውን በሞተሩ ክዳን፣ በቴስታታው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ፓ. ከደሴ ተመልሷል። ጠየቀኝ፣ ሁለቱንም ቀን በቀዩ ጀመርክ ወይ ብሎ። ሲ ሲኞሬ፣ አዎ ጌታዬ አልኩ። ቀላል ቃል ናት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከሱ ጀርባ በቅሎዋ ታየኛለች፤ ሳቄን ዋጥኩ።

አንድ ነገር ላንተ ብቻ። የምመኘው መንጃ ፈቃድ ነው። መካኒክ ሁልጊዜ መኪና ሥር ተጋድሞ ሰማይ ሲያምረው ይኖራል። አንድ ቀን መሪው ላይ እቀመጣለሁ ኢንሻላህ፣ የኮምቦልቻ ሕዝብም ያኔ ያየኛል።

ማታ ማመልከቻ መጻፍ ተማርኩ። መ/ጌታ እንዲህ አሉኝ፦ ከሁሉ በፊት ስምህን ጻፍ። ስሙን ያልጻፈ ሰው አሾከሾከ እንጂ አላመለከተም። ምን ብዬ ላመልክት ብላቸው አንድ ቀን ይቸግርህ የለ አሉ። እኔ? ይመር ተቸግሮ ያውቃል? ነገ ደሴ አጠገብ ገራዶ ይሄዳሉ፣ ወንድማቸው ታሟል፤ ስንቃቸው የዘይነባ ቆሎ ነው። በእግር።

መጋቢት 10፣ እሑድ፣ ደሴ

ቀደምን!

ደሴ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልህ፣ በካምዮኗ ጥላ። ከነሱ በፊት ደርሰን ፓ. ሲጋራውን አጭሶ ጨርሶ ነው የነሱ መኪና ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ብቅ ያለችው። እኔ ከኋላ ጭነቱ ላይ ነበርኩ። ሐረጎ ላይ አያ እንድሪስ ማርሽ ሲለውጥ፣ ደብተሬ፣ ሆዴ ወደ ኋላ ቀረ፣ እኔ ወደ ፊት ሄድኩ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ወደ ዳር ሸሹ፤ አንዷ ሰደበችን። ስድቧ እንኳ አልደረሰብንም።

ፓ. በሕዝብ ፊት እጄን ጨበጠ። የደሴው ባለ ጋራዥ ማነው ሞላውን ያዋሃደው ብሎ ጠየቀ። እኔ ነኝ። የጦሳ ተራራ ራሱ አጎንብሶ ያየኝ መሰለኝ።

ካምዮኗ ሰኞ ደሴ ስትጭን ውላ ማክሰኞ ትወርዳለች። እኔ ዛሬውኑ ከፓ. ጋር በሌላ መኪና መመለሴ ነው። ለአያ እንድሪስ አደራ አልኩት። መ/ጌታ ማክሰኞ ከገራዶ ደሴ ይመጣሉ፤ አገናኛቸውና ካጠገብህ አስቀምጠህ አምጣቸው፣ ባዋሃድኩት ሞተር። በዕድሜያቸው መኪና ላይ ወጥተው አያውቁም። ይፈሩ ይሆናል አለ። ፈሪ በእግሩ ይሂድ ብሏል በላቸው አልኩት፤ ተናደው ይወጣሉ። አውቃቸዋለሁ።

መጋቢት 12፣ ማክሰኞ

አላህ። አላህ።

ሐረጎ ላይ። ቁልቁለቱ ላይ። እኔ በእግሬ ሮጬ ደረስኩ።

መ/ጌታ የሉም።

መጋቢት 13፣ ረቡዕ

መጻፍ አልፈልግም። እጄ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ገራዶ ቀበርናቸው። እስላሙም ክርስቲያኑም እየተፈራረቀ ቃሬዛውን ተሸከመ። የማን ልጅ ነህ ሲሉኝ ተማሪያቸው ነኝ አልኩ። የታመመው ወንድማቸው ተደግፎ ወጥቶ ነበር። ታማሚው እኔ፣ ሟቹ እሱ ይሁን? አለ። ደጋግሞ አለ። ቀና ብዬ አላየሁትም።

ጋቢያቸውን ሲያራግፉት ከእጥፋቱ ቆሎ ፈሰሰ። የዘይነባ ቆሎ። ሰዓቱ አልደረሰም ነበር።

ዛሬ አንድም ቀልድ አልመጣልኝም። ፈልጌ ነበር።

መጋቢት 15፣ ዓርብ

አያ እንድሪስ በሕይወት አለ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ያለው ደሴ ነው፣ እስር ቤት። ሆን ብለህ ነው መኪናዋን ያጋጨኸው፣ የጫካዎቹ አርበኞች ልከውህ ነው ይሉታል ጣሊያኖቹ። ጭነቱ የወታደር ዱቄት ነበር።

የሆነውን ካዩት ሰዎች ለቃቅሜ እንዲህ ገጣጥሜዋለሁ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ይወርዳል፣ እንደ ደንቡ፣ ሞተሩ እንዲይዝለት። ጭነት ከኋላ ይገፋል፣ ሞተሩ ይጮኻል፤ በውድድሩ ቀን ካየነው ፍጥነት እጅግ በላይ። ዳገት ሞተርን አያስሮጥም፣ ቁልቁለት ነው የሚያስሮጠው። ይህን ማንም ሾፌር ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ከዚያ አንድ ጧ ያለ ድምፅ። ሞተሩ ተሰበረ፣ መያዙን ተወ። ፍሬኑ ብቻውን አልቻለም፣ ጨሰ። አያ እንድሪስ ገደሉን ሸሽቶ ወደ ተራራው አስጠጋት። በተራራው በኩል የተቀመጡት መ/ጌታ ነበሩ።

ፈሪ በእግሩ ይሂድ።

ዘይነባ ቤት ሦስት ጊዜ ሄድኩ፣ ሦስቴም ከበር ተመለስኩ። ስድስተኛ ወሯ ነው።

መጋቢት 16፣ ቅዳሜ

ካምዮኗን በሰንሰለት ጎትተው አመጧት። ፓ. በሩን ዘጋ፤ እኔና እሱ ብቻ። ቴስታታውን አነሣን። ለየፒስቶኑ ሁለት ቫልቮላ ነው፤ የአራተኛው ፒስቶን አንዱ ቫልቮላ አንገቱ ተቆርጦ ፒስቶኑ ውስጥ ተቀርቅሯል። የሦስተኛው ጎብጧል። የአንደኛውና የሁለተኛው ጤነኛ።

አንድና ሁለት ላይ የገጠምኩት ቀዩንና የማክሰኞዎቹን ሞላ ነው። ሦስትና አራት ላይ የረቡዑን አራት።

ፓ. የተቆረጠውን ቫልቮላ በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ውርርዱ ቢታወቅ የወታደር ጭነት በውድድር መኪና ጫንክ ተብሎ እሱም ይጠየቃል። ከዚያ በለሆሳስ ነገረኝ። ሾፌሩ አጥፍቷል፤ እንዲህ ነው የሚጻፈው። አንተ ጎበዝ ነህ። ከፋሲካ በኋላ ሌላ ካምዮን ይመጣል፣ መንጃውን አወጣልሃለሁ።

መንጃውን። የአያ እንድሪስን ወንበር።

ሲ ሲኞሬ አላልኩም። እምቢም አላልኩም። 

መጋቢት 17፣ እሑድ

ዛሬ የዘይነባን ደጅ አልፌ ገባሁ፤ ከዚያ ጨው ተራ ሄድኩ። ሥራው ሲያልቅ የመለስኩላትን የተላሱ አሞሌዎች ዘይነባ ወጥ ውስጥ ስትፍቃቸው ሰንብታለች፤ ስድስት ቀርተዋል። ከስድስቱ ገና ያልተነኩትን ሦስቱን መርጬ ነጋዴው ሚዛን ላይ አስቀመጥኩ። በሌላው በኩል ሁለት ሙሉ አሞሌ። ሚዛኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሦስት የተላሰ እንደ ሁለት ሙሉ ብቻ። ነጋዴው ይህን ማን ሸጠልህ፣ ወንድሜ፣ ተታለሃል አለኝ። ራሴ ነኝ አልኩት። ሳቀ።

ስምንት ሙሉ ተዋስኩ። ጋራዡ ባዶ ነው፣ ፓ. የለም። ሳንቃዬ አሁንም እዚያው ግድግዳ ላይ። ሞላዎቹን ከቴስታታው አውልቄ መጀመሪያ ቀዩን ለካሁ። አሁን! አሁን ለካሁት። በስምንት ጭረቱ ላይ ቆመ፣ እንደ ወታደር። የማክሰኞዎቹም በስምንት። ከዚያ አንዱን የረቡዕ ሞላ። አምስት ላይ ተንቀጠቀጠ። ስድስተኛውን ሳስቀምጥ ጭረቱን አልፎ ወረደ።

ሥራው የቀለለልኝ ለዚህ ነው። የላሰችው ጨው የቀለለውን ያህል ደካማ ሞላ መረጥኩ። አንድ ጊዜ ወደ ቀዩ ብመለስ ኖሮ ቀዩ ራሱ ከጭረቱ በላይ ቀርቶ ይነግረኝ ነበር። ቀዩን አንሥቶ ከሳንቃው ሥር ማቆም ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? አንድ ቢስሚላህ ለማለት የሚፈጀውን።

በየመስመሩ ወደሱ ተመለስ ብለውኝ ነበር። በዚያው ቀን ማታ።

መጋቢት 18፣ ሰኞ፣ ደሴ

አያ እንድሪስን አየሁት። የዘይነባን እንጀራ ጠባቂው በእጁ ፈተሸው፣ ከዚያ አስገባኝ። ወለሉ ላይ ተጋድሟል። እግሩን በሸንበቆ አስረውለታል። ያ ቁመት ሁሉ ለማጠፍ ቦታ አጥቷል።

እሱ ነው የሚያጽናናኝ። አብሽር ይለኛል። መ/ጌታ መኪናው ላይ እንዳልኩት ተናደው እንደወጡ ነገረኝ። ሐረጎ እስኪደርሱ ፈርተው የመኪናውን በር ጨብጠው ነበር፤ ኋላ ግን ለቀቁት። እንዲህ ከሆነ ፎካሪው እውነቱን ነው ለካ አሉ። ስለኔ ነው። እየሳቁ ነበር አለኝ።

ከዚያ ጠባቂው ወደ በሩ ዞር ሲል አያ እንድሪስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይመር፣ ጨው ነው አይደል?»

በአንገቴ አዎ አልኩት። 

ሞተሩ ሲሰበር ገና ገብቶኛል አለ። ያን ዕለት በመዳፌ ይዤው አልነበር? ቀሎኝ ነበር። አንተ አሳቅኸኝ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ግማሹ የኔ ነው። ለምን አልነገርካቸውም አልኩት። ጠይቀውኝ ነበር፣ መካኒኩ ማነው ብለው። ልጅ ይወለዳል አለኝ። አባቱ ከታሰረ አጎቱ እንኳ ውጭ ይቅርለት። አንተ ዝም በል፣ ለዘይነባ እንጨት ፍለጥላት፣ እኔ እችለዋለሁ።

እንጀራውን ቆርሼ አጎረስኩት፣ ተነሣሁ። 

ከበር ስወጣ ወደ ጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ቀረብ ብዬ ጠየቅኩት፣ የሱ ነገር እንዴት ነው ብዬ። የፊታችን ሐሙስ ይፈረድበታል አለ። እንዲህ ባለ ነገር ቀላል ፍርድ እንደማይጠበቅ በዓይኑ ነገረኝ።

መጋቢት 19፣ ማክሰኞ

ጠዋት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩህ። ማንበብ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰው የተናገረው ይረሳል። አንተ ግን አትረሳም። መጋቢት 6 ላይ ሁሉም አለ። የበቅሎዋ ከንፈር፣ የአያ እንድሪስ መዳፍ፣ ቀዩን መልሼ አልለካሁትም የሚለው። በራሴ እጅ። ደግሞ እንዴት ያለ ቆንጆ ጽሕፈት ነው፣ መስመሩ አልጎበጠም።

ገጹን ያዝኩት። ልቀድ። ዘይነባ እሳት አንድዳለች፣ ሁለት እርምጃ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ አያ እንድሪስ ነው፣ እሱም አይናገርም። ፓ. አይናገርም። በቅሎዋ አትናገርም። ከፋሲካ በኋላ መሪው ላይ ነኝ፣ በሐረጎ ስወጣና ስወርድ።

በየቀኑ። በዚያች መታጠፊያ።

አልቀደድኩትም። ለዘይነባ ነገርኳት። ቁጭ በል እንኳ ሳትለኝ፣ እንደቆምኩ። በቅሎዋን፣ ጨውን፣ ፓ. ሲጠይቀኝ የመለስኩለትን። እሳቱን እያየች ሰማች። አለቀሰች ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። ስጨርስ ተነሥታ ከጓዳ የቀሩትን አሞሌዎች በጨርቅ ቋጥራ አመጣች።

«እኔ በዚህ ጨው ሰባት ቀን ወጥ ሠርቼ አበላሁህ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ቋጠሮውን እግሬ ሥር አስቀመጠችው።

ቆየት ብላ፦ እሱ ሲወጣ አንተ ትገባለህ ማለት ነው? እንደዚያ ይመስለኛል እቴ አልኳት። ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። ከሁለት አንዳችሁን ልምረጥ? ወንድሜን ወይስ የልጄን አባት? አትምረጪ አልኳት። እኔ መርጫለሁ።

መጋቢት 20፣ ረቡዕ፣ ማለዳ 12 ሰዓት

ማመልከቻው አልቋል። አራት ወረቀት አበላሸሁ። አምስተኛው ላይ ከላይ ስሜን ጻፍኩ፣ ከሁሉ በፊት፣ እንደተማርኩት። ከዚያ ሥራዬን። ከዚያ፦ ሞላዎቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሾፌሩ እንድሪስ አላጠፋም፤ ከተላሰው ጨው ሌላ ላምጣልህ ብሎ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ፤ መሪጌታን መኪና ላይ እንዲወጡ ያደረግሁ እኔ ነኝ። ፉከራ የለበትም። ረዘመብኝ እንጂ። በየመስመሩ ቀና እያልኩ የመጀመሪያውን አየሁ። ስሜን።

ፓ. የሚለውን ይበል። ቫልቮላው ኪሱ ውስጥ ነው፤ ሞላዎቹ ግን እኔ ዘንድ ናቸው።

የምይዘው ይህን ነው። ቀዩን ሞላ። የረቡዑን አንድ። ከተላሱት አሞሌዎች ሦስት፣ ካልተላሱት ሁለት፣ ዳኛው ሚዛን ካለው ራሱ ይመዝን። አንተንም። ወረቀቱን አላምን ቢሉ የመጋቢት 6ን ገጽ ያያሉ፤ ነገሩ ሳይደርስ አስቀድሞ የተጻፈ ነው። ስለ መንጃው የነገርኩህንም ያነቡታል። ያንብቡት። አንተ ግን ላትመለስልኝ ትችላለህ፣ ስለዚህ ደኅና ሁን ማለት ካለብኝ አሁን ነው።

ዳገቱን በእግሬ ነው የምወጣው። ዘይነባ ስንቄን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፣ እስከ ቦርከና ወንዝ ልሸኝህ ትላለች።

አስተርጓሚው ገጹን ጮክ ብሎ ሲያነብላቸው፣ በቅሎዋ ጋ ሲደርስ፣ ሳይወድ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት።